የተሰረቀው ገንዘብ ዕዳ የማን ነው?

ሠራተኛው ሕዝብ ወሩን ሙሉ ጥሮ ግሮ የሚያገኘው ደመወዝ ከጊዜ ወደ ጊዜ መልኩን እየለወጠ መጥቷል። ቀደም ሲል በገንዘብ ያዡ መስኮት ፊት ተሰልፎ፣ ፈርሞና ቆጥሮ ይረከበው የነበረው ብር ዛሬ በባንክ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቁጥር ሆኗል። የዚህ ቁጥር መክፈቻም በኪስ የምትያዝ አንዲት የፕላስቲክ ካርድ ወይም በእጅ ስልክ ላይ የሚመታ የምስጢር ቁጥር ነው። የገንዘቡ መልክ ሲለወጥ የሌባውም መልክ አብሮ ተለውጧል። የዛሬው ሌባ አጥር አይዘልም፤ መስኮት አይሰብርም፤ የሚዘርፈውን ሰው ፊት እንኳ አያይም። ተዘራፊውም ቢሆን መዘረፉን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ከሄደ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ነው።

ይህን አዲስ ስርቆት በሚመለከት በየመድረኩ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ነጥብ አያልፍም። «ተጠንቀቁ፤ የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ይሁንና ጎዶሎ ነው፤ ምክንያቱም መሠረታዊውን ጥያቄ አያነሳም። ጥንቃቄው ሁሉ ከተደረገ በኋላ፣ ወይም አንድ ቀን ጥንቃቄው ጎድሎ ሌባው ገንዘቡን ወስዶ ከተሰወረ በኋላ፣ ኪሳራው በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል? ደመወዙን በተነጠቀው ሠራተኛ ላይ ነው? ወይስ ካርዱን በሠራው፣ መዝገቡን በያዘውና ከአገልግሎቱ ትርፍ በሚያገኘው ድርጅት ላይ?

አቋማችንን ከወዲሁ ግልጽ እናድርግ። ኪሳራው በሠሪው ላይ ሲወድቅ ቀዳዳው ይደፈናል፤ ኪሳራው በተጠቃሚው ላይ ሲወድቅ ግን ቀዳዳው እንደተከፈተ ይኖራል። ይህ የምኞት አነጋገር አይደለም። የብድር ካርድ ተወልዶ ባደገበት አገር፣ በአሜሪካ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ በተግባር የተፈተነ ሐቅ ነው። ስለሆነም ጉዳዩን ከሥሩ ለመመርመር ወደዚያው እንሻገራለን። ስለ ውጭ አገር ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

የካርዱ ታሪክና የሕጉ መወለድ

ዳይነርስ ክለብ የተባለው ድርጅት በኒውዮርክ ከተማ ለምግብ ቤት መክፈያ የሚያገለግል ካርድ ያወጣው በ1950 ነበር። የባንኮች እጅ በሰፊው የገባበት ግን በ1958 ሲሆን፣ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ በምትገኘው በፍሬዝኖ ከተማ ለ60,000 ያህል ነዋሪዎች ካርድ በፖስታ ላከ። ነዋሪዎቹ ካርዱን አልጠየቁም፤ ማመልከቻም አላስገቡም። ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ ዓመታት ሌሎች ባንኮችም ይህንኑ መንገድ በመከተል ያልተጠየቁ ካርዶችን በየቤቱ በገፍ መላክ ጀመሩ።

ውጤቱ ከመጀመሪያው የሚታወቅ ነበር። ካርዶቹ ከየፖስታ ሣጥኑ ይሰረቁ ጀመር። ካርዱን በዓይኑ ያላየ ሰው፣ ባልገዛው ዕቃ፣ ከባንኩ የክፍያ ጥያቄ ይደርሰው ነበር። የሕዝቡ ቁጣ እየበረታ በመሄዱ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1970 ሁለት ነገሮችን በሕግ ደነገገ። አንደኛ፣ ሰው ያልጠየቀውን የብድር ካርድ መላክ ተከለከለ። ሁለተኛ፣ ካርዱ ተሰርቆ ሌላ ሰው ቢጠቀምበት ባለቤቱ ሊጠየቅ የሚችለው ቢበዛ 50 ዶላር ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። በ1974 የወጣው ተጨማሪ ሕግ ደግሞ በሒሳብ መግለጫ ላይ የሚነሳ ክርክር በምን ሥርዓትና በስንት ቀን መታየት እንዳለበት አስቀመጠ።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። ሕጉ ከ50 ዶላሩ ወሰን በተጨማሪ የማስረጃውን ሸክም በባንኩ ላይ ጥሏል። «ገንዘቡን ያወጣው ራሱ ባለካርዱ ነው» የሚል ባንክ ይህንን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ባለካርዱ ሌባውን ይዞ እንዲቀርብ አይጠየቅም። ካርዱ በእጁ እያለ ቁጥሩ ብቻ ተወስዶ የተሠራበት እንደሆነ ደግሞ 50 ዶላሩንም አይከፍልም።

ባንኮቹ በዚህ ሕግ ምክንያት አልከሰሩም። ይልቁንም ኪሳራው የራሳቸው መሆኑን በተረዱ ጊዜ ካርድ ሲያወጡ ማጣራት፣ ያልተለመደ ግዢ ሲያዩ ማገድ፣ ለባለቤቱ ደውሎ መጠየቅ ጀመሩ። ቀድሞ ያላደረጉት መሥራት ስለማይችሉ ሳይሆን ሥራው የሚያወጣው ወጪ እንጂ አለመሥራቱ የሚያስከትለው ኪሳራ ስላልነበረባቸው ነው።

ሦስት ካርዶች፣ ሦስት ዓይነት ዋስትና

ይሁን እንጂ ሕጉ ለሁሉም ካርድ እኩል አይደለም። ልዩነቱን በሚገባ ለመረዳት ካርዶቹን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የብድር ካርድ ወይም ክሬዲት ካርድ የሚባለው፣ በመጀመሪያ ባንኩ ከራሱ ገንዘብ የሚከፍልበት፣ ባለካርዱም በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን የሚያወራርድበት ነው። ሌባው በዚህ ካርድ ሲጠቀም የሚወስደው የባንኩን ገንዘብ ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ባለካርዱ የሚከራከርበትን ሒሳብ ሳይከፍል ይቆያል። ገንዘቡ ከእጁ አልወጣምና ጊዜው ለእርሱ ይሠራል።

ዴቢት ካርድ የሚባለው ግን ባለቤቱ በባንክ ያስቀመጠውን የራሱን ገንዘብ በቀጥታ የሚያንቀሳቅስ ነው። ሌባው በዚህ ካርድ ሲጠቀም የሚወስደው የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ቀለብና የትምህርት ቤት ክፍያውን ነው። ይህን ካርድ የሚገዛው የአሜሪካ ሕግ በ1978 የወጣ ሲሆን ዋስትናውን ከፍጥነት ጋር አቆራኝቶታል። ካርዱ መጥፋቱን ወይም መሰረቁን ካወቀ በኋላ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ለባንኩ ያሳወቀ ሰው ቢበዛ 50 ዶላር ይጠየቃል። ከሁለት ቀን ያለፈ እንደሆነ ተጠያቂነቱ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። የሒሳብ መግለጫው ከተላከለት በኋላ 60 ቀን እስኪያልፍ ዝም ያለ ሰው ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ ለሚወሰድበት ገንዘብ ወሰን የሚባል የለውም። ያለውን ሁሉ ሊያጣ ይችላል።

እርግጥ ቪዛና ማስተርካርድን የመሳሰሉት ድርጅቶች በራሳቸው ደንብ ከሕጉ የሰፋ ዋስትና እንሰጣለን ይላሉ። ይህን አናጣጥልም። ነገር ግን በድርጅት ፈቃድ የተሰጠ ነገር በድርጅት ፈቃድ ሊነሳ ይችላል። በሕግ የተያዘ መብት ከችሮታ የሚለየውም በዚህ ነው።

ሦስተኛው ካርድ የምግብ ዕርዳታ ካርድ ነው። በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች መንግሥት ለምግብ መግዣ የሚሰጣቸውን ገንዘብ የሚቀበሉት በካርድ ነው። በ1996 የወጣው የማኅበራዊ ዕርዳታ ሕግ ይህን ካርድ ከ1978ቱ ሕግ ጥበቃ ውጭ አደረገው። የካርዱ አሠራርም ለዓመታት በአሮጌው ማግኔታዊ ጥቁር ሰቅ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሆኖ ቆየ። ሌቦችም በመደብር የካርድ ማንበቢያዎች ላይ መቅጃ መሣሪያ እየለጠፉ የካርዱን መረጃና የምስጢር ቁጥሩን ይወስዱና የወሩን ቀለብ በአንድ ጊዜ ጠራርገው ይሄዱ ነበር። በ2022 መጨረሻ የወጣ ሕግ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ የተሰረቀው ዕርዳታ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ እንዲተካ ቢፈቅድም፣ ያ ፈቃድ ዲሴምበር 20 ቀን 2024 አበቃ። ካሊፎርኒያ ቺፕ ያለበትን የዕርዳታ ካርድ ማደል የጀመረችው በ2025 ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመዝናቸው። የባንክ ብድር ለማግኘት የሚያበቃ ገቢ ያለው ሰው ከሁሉ የጠነከረ ዋስትና አለው። በደመወዙ ብቻ የሚኖረው ሠራተኛ ከቀኑ ጋር እየተሽቀዳደመ የሚያገኘው ዋስትና አለው። ዳቦ መግዣው በካርድ የሚሰጠው ድሀ ደግሞ ከሁሉ የሳሳው ዋስትና ደርሶታል። ከሁሉ ቀድሞ ቺፕ የተሰጠው የትኛው ካርድ ነው? ኪሳራው በባንኩ ላይ የሚወድቀው ካርድ ነው። ከሁሉ ዘግይቶ የተሰጠውስ? ኪሳራው በድሀው ላይ የሚወድቀው ካርድ ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ አያስፈልግም።

ሰውን ማመን ወይስ መሣሪያን?

ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቅ ሰው ዘወትር የሚገጥመው የመጀመሪያ መልስ አንድ ዓይነት ነው። «በመዝገባችን መሠረት ገንዘቡ የወጣው በትክክለኛው ካርድና በትክክለኛው የምስጢር ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ያወጡት እርስዎ ነዎት» ይባላል። ይህ መልስ ማስረጃ ይመስላል እንጂ ማስረጃ አይደለም። መዝገቡ የሚናገረው ቁጥሩ መመታቱን ነው፤ የመታው እጅ የማን እንደሆነ አይናገርም።

በ1980 በኒውዮርክ ከተማ በኩዊንስ የታየ አንድ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። አንዲት ሴት ከባንክ ሒሳቧ በገንዘብ መክፈያ መሣሪያ 800 ዶላር መውሰዱን ተቃወመች። ባንኩ የመሣሪያውን መዝገብ አቀረበ። እርስዋም ገንዘቡ ወጣ በተባለበት ሰዓት በሥራ ገበታዋ ላይ እንደነበረች ከመሥሪያ ቤቷ በተጻፈ ደብዳቤ አስረዳች። ዳኛው ጉዳዩ ሰውን ወይም መሣሪያን የማመን ጉዳይ መሆኑን ገልጸው ሰውየዋን አመኑ፤ ባንኩ ገንዘቡን እንዲመልስ ወሰኑ። የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀት ከባንክ መሣሪያ መዝገብ በላይ ሊመዝን እንደሚችል ሠራተኛው ልብ ሊለው ይገባል።

በተመሳሳይ ዘመን የብሪታንያ ባንኮች ሌላ መንገድ ተከተሉ። መሣሪያዎቻቸው ስሕተት የማያውቁ መሆናቸውን እየገለጹ አቤት ባዩን ደንበኛ ዋሾ ወይም ዝርክርክ ያደርጉት ነበር። አንድ የፖሊስ ባልደረባ በ1992 ያላወጣው ገንዘብ ከሒሳቡ እንደተወሰደበት አቤት ቢል፣ ገንዘቡ ሊመለስለት ቀርቶ በማጭበርበር ሙከራ ተከስሶ በ1994 ተፈረደበት። በ1996 ይግባኙ ሲታይ ባንኩ የኮምፒውተር ሥርዓቱን የተከሳሹ ባለሙያ እንዲመረምረው ፈቃደኛ ስላልሆነ ማስረጃው ውድቅ ተደረገ፤ ሰውየውም ነጻ ወጣ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ሮስ አንደርሰን በ1993 ባሳተሙት ጥናት የሁለቱን አገሮች አሠራር አነጻጽረው እንዳሳዩት፣ የማስረጃው ሸክም በባንኩ ላይ በወደቀበት በአሜሪካ ባንኮቹ ቁጥጥራቸውን ለማሻሻል ተገደዱ፤ ሸክሙ በደንበኛው ላይ በወደቀበት በብሪታንያ ግን ጥፋቱ ተሸፋፍኖ ቀጠለ።

«ጥፋቱ የተጠቃሚው ግዴለሽነት ነው» የሚለው ክርክርም በማስረጃ ፊት አይቆምም። በ2007 ይፋ በሆነው በቲ.ጄ.ኤክስ. የመደብሮች ኩባንያ ላይ በደረሰው ስርቆት ቢያንስ 45.7 ሚሊዮን የካርድ ቁጥሮች ተወስደዋል። በ2013 በታርጌት መደብሮች ላይ በደረሰው ስርቆት ደግሞ 40 ሚሊዮን ያህል ካርዶች መረጃቸው ተዘርፏል። ሌቦቹ ወደ ታርጌት የገቡት ለኩባንያው የማቀዝቀዣ ሥራ በሚሠራ ተቋራጭ የይለፍ ቃል ነበር። ከእነዚያ ሚሊዮኖች መካከል ማንኛቸው ቢጠነቀቁ ይህን ሊያስቀሩ ይችሉ ነበር? ካርዱን በኪሱ አጥብቆ የያዘውም፣ ቁጥሩን ለሚስቱ እንኳ ያልነገረውም እኩል ተዘርፏል።

ቀዳዳው የተደፈነው እንዴት ነው?

ማግኔታዊው ጥቁር ሰቅ ለሌባ የተመቸ ነው፤ መረጃው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት በመሆኑ አንድ ጊዜ የቀዳው ሰው ሌላ ካርድ ሊያትምበት ይችላል። ቺፕ ግን በእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ምልክት ስለሚያመነጭ የትናንቱን ቀድቶ ለነገ መጠቀም አይቻልም። ፈረንሳይ ይህን ዘዴ በ1992 ለባንክ ካርዶቿ ሁሉ አዳርሳ ነበር። ብሪታንያ በ2006 ቺፕና የምስጢር ቁጥርን መደበኛ አደረገች። አሜሪካ ግን ዘዴውን እያወቀች ለዓመታት ዘገየች።

ለውጡ የመጣው ኦክቶበር 1 ቀን 2015 የካርድ ድርጅቶቹ አንድ ደንብ በሥራ ላይ ባዋሉ ጊዜ ነው። ደንቡ በተቀዳ ካርድ ለሚደርስ ኪሳራ፣ ከነጋዴውና ከባንኩ መካከል ወደ ቺፕ ያልተሸጋገረው ወገን እንዲከፍል ያዝዛል። ወዲያውኑ ባንኮች ካርዱን፣ ነጋዴዎች ማንበቢያውን መለወጥ ጀመሩ። በለወጡት መደብሮች በተቀዳ ካርድ የሚፈጸመው ማጭበርበር በእጅጉ ቀነሰ። በአንጻሩ ለቤንዚን ማደያ ቀጂዎች ቀነ ገደቡ ደጋግሞ ተራዝሞ እስከ ኤፕሪል 2021 በመቆየቱ መቅጃ ለጣፊዎቹ ሌቦች በማደያዎቹ ላይ አተኮሩ። ኪሳራው የት ላይ እንደሚወድቅ ደንቡ በወሰነበት ቦታ ቀዳዳው ተደፈነ፤ ደንቡ በዘገየበት ቦታ ሌባው ዋለበት።

ገንዘብን ለማስመለስ የሚደረግ ትግል

ሕጉ ቢኖርም በራሱ ተራምዶ ወደ ተዘራፊው ቤት አይመጣም። መብቱን የሚያውቅና በጊዜው የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ታክሲ ነጂው፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛውና የአረጋውያን ተንከባካቢዋ፣ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥማቸው ጉዳይ ነው። አሠራሩንም እንደሚከተለው በቅደም ተከተል ማስቀመጡ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ለባንኩ ወዲያውኑ መደወል ነው። የሚደወለውም በካርዱ ጀርባ ላይ በታተመው ቁጥር እንጂ በመልእክት በመጣ ቁጥር አይደለም። ካርዱ እንዲታገድ ይጠየቃል፤ የተናገሩት ሠራተኛ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ በወረቀት ይያዛል።

ሁለተኛ፣ በቃል የተነገረው በጽሑፍ መከተል አለበት። የብድር ካርድ ከሆነ አቤቱታው መግለጫው ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ባንኩ ለሒሳብ ክርክር በመደበው አድራሻ መድረስ ይኖርበታል። ደብዳቤው በአደራ ፖስታ ቢላክና ቅጂው ቢቀመጥ ይመረጣል። ባንኩ አቤቱታው መድረሱን በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ጉዳዩንም በሁለት የሒሳብ ወራት፣ ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥ መጨረስ አለበት። እስከዚያው ድረስ የተከራከሩበትን ገንዘብ አለመክፈል መብት ነው፤ ባንኩም ባለካርዱን «ዕዳውን ያልከፈለ» ብሎ ማስመዝገብ አይችልም።

ሦስተኛ፣ ዴቢት ካርድ ከሆነ ባንኩ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መርምሮ መወሰን አለበት። ተጨማሪ ጊዜ የሚፈልግ ከሆነ፣ ገንዘቡን በጊዜያዊነት መልሶ ምርመራውን እንደ ሁኔታው እስከ 45 ወይም እስከ 90 ቀን መቀጠል ይችላል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ «ምርመራው አላለቀም» እየተባለ ያለ ኪራይ ገንዘብ ወር ይጠብቃል፤ የሚያውቀው ግን ጊዜያዊው ክፍያ እንዲገባለት ይጠይቃል።

አራተኛ፣ ባንኩ አቤቱታውን ውድቅ ካደረገ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥና የተመሠረተበትን ሰነድ እንዲያሳይ መጠየቅ፣ ከዚያም ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ነው።

አምስተኛ፣ ከሁለተኛው ሌባ መጠበቅ ነው። አንድ ሰው መዘረፉ እንደተሰማ፣ «የጠፋውን ገንዘብ እናስመልሳለን፤ በቅድሚያ ይህን ያህል ይክፈሉ» የሚሉ ብቅ ይላሉ። እነዚህ ከመጀመሪያዎቹ ሌቦች የተለዩ አይደሉም። ገንዘብ የሚመልስ ባንክ ለመመለሻ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጊዜ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ከ60 ቀን በኋላ የሚነሳ ጩኸት ብዙ አይረባም። የሒሳብ መግለጫን በየወሩ፣ ቢቻል በየሳምንቱ መመልከት «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ጥበብ በተግባር ሲተረጎም ማለት ነው።

ተታልሎ የላከውስ?

ሌላ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ሌባው ካርዱን ሳይነካ ባለቤቱን አታልሎ፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ ገንዘቡን ቢልክለትስ? የአሜሪካው የ1978 ሕግ የሚጠብቀው ባለቤቱ ያልፈቀደውን ክፍያ ነው። ሌባው ቁጥሩን በማታለል ወስዶ ራሱ ካስተላለፈው «ያልተፈቀደ» ተብሎ ይታያል፤ ባለቤቱ ራሱ ቁልፉን ከተጫነ ግን ብዙውን ጊዜ «ራስህ ልከሃል» ተብሎ ይሰናበታል።

ብሪታንያ በዚህ ረገድ የቀድሞ መንገዷን ለውጣለች። ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ በአገር ውስጥ የባንክ ማስተላለፊያ ተታልሎ ለላከ ግለሰብ እስከ 85,000 ፓውንድ ድረስ፣ በመደበኛነት በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ፣ እንዲመለስለት ደንብ ወጥቷል። ወጪውንም የላከው ባንክና የተቀበለው ባንክ እኩል ይካፈሉታል። እጅግ የከፋ ቸልተኝነት የፈጸመ ሰው ከዚህ ሊገለል ይችላል። በዚህ ደንብ ውስጥ የሚያስደንቀው የተቀባዩ ባንክ መጠየቁ ነው። ሌባው የተሰረቀውን ገንዘብ የሚቀበለው አንድ ባንክ በከፈተለት ሒሳብ ነውና፣ ያን ሒሳብ ሳያጣራ የከፈተ ባንክ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይገባውም።

በዚህ አሠራር ላይ የሚሰነዘረውን ተቃውሞ ሳንመለከት አናልፍም። «ገንዘቡ በቀላሉ የሚመለስ ከሆነ ሕዝቡ ግዴለሽ ይሆናል፤ ሳይዘረፍ ተዘረፍኩ የሚልም ይበዛል» ይባላል። ሐሰተኛ አቤቱታ ሊኖር መቻሉን አንክድም። ይሁንና ሐሰት ተናጋሪውን የሚቀጣ ሕግ አለ። ጥቂቶች ይዋሻሉ ተብሎ እውነተኞቹ ሁሉ ሊቀጡ አይገባም። ከ1970 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሠራበት ሕግም የብድር ካርድን ንግድ አላፈረሰም፤ ይልቁንም ሕዝቡ ካርዱን አምኖ እንዲይዝ አድርጓል።

በእኛ አገርስ?

በአገራችን በሠራተኛው እጅ የሚገኘው ካርድ በአብዛኛው ዴቢት ካርድ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቴሌብርን የመሳሰለው በስልክ ገንዘብ የማንቀሳቀስ አገልግሎት እስከ ጉልት ገበያው ዘልቋል። ይህም ማለት ከላይ ካየናቸው ካርዶች መካከል የኛን ኑሮ የሚመስለው ሁለተኛው ነው። ሌባው የሚወስደው የባንኩን ብድር ሳይሆን የባለቤቱን ቀለብ ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሽልማት ደርሶዎታል፤ በስልክዎ የገባውን ቁጥር ይንገሩን» የሚለው ድምፅ በየሠፈሩ የታወቀ ነው።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን አታላይ ለመቅጣት የወጣ ነው። ነገር ግን ሌባውን መቅጣትና ገንዘቡን መመለስ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሌባው ቢታሰር ለመበለቲቱ የወር ወጪ አይሆንም። ስለዚህ እያንዳንዱ የባንክ ደንበኛ ሒሳብ ሲከፍት የፈረመበትን ውል አንብቦ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ አለበት። ያላዘዝኩት ክፍያ ቢወጣብኝ በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብኝ? እናንተስ በስንት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ትመልሱልኛላችሁ? እኔ መሆኔን ወይም አለመሆኔን ማስረዳት ያለበት ማነው?

እነዚህን ጥያቄዎች አንድ ሰው በመስኮት ሲጠይቅ ሊታለፍ ይችላል። የሠራተኛ ማኅበር፣ ዕድር ወይም የሠፈር ማኅበር በአንድ ድምፅ ሲጠይቅ ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህ ነው። አንድ የሠራተኛ ማኅበር የአባላቱ ደመወዝ የሚገባበትን ባንክ የተጻፈ የገንዘብ ማስመለሻ ሥርዓት እንዲያቀርብ መጠየቅ ይችላል። ፊደል የቆጠሩ ወጣቶች የአረጋውያንን የሒሳብ መግለጫ በየወሩ አብረዋቸው ሊያዩና ሲያስፈልግም አቤቱታቸውን ሊጽፉላቸው ይችላሉ። ዕድርተኛው በወር ስብሰባው ለአምስት ደቂቃ ያህል በዚያ ወር በሠፈሩ የታየውን የማታለያ ዘዴ ቢነጋገርበት፣ የነገውን ተዘራፊ ዛሬ ያድነዋል።

ከዚህም ጋር አንድ መጥፎ ልማድ መወገድ አለበት። በስልክ የተታለለን ሰው «እንዴት እንዲህ ትሞኛለህ?» ብሎ መሳለቅ ሌባውን ከመርዳት አይለይም። የተሳለቁበት ሰው ጉዳቱን ይደብቃል፤ ያን ጊዜም የሚሮጡት ቀናት ያልፉበታል፤ ሌባውም ወደ ጎረቤቱ ይሸጋገራል። ነውሩ የሰረቀው እንጂ የተሰረቀው አይደለምና፣ ተዘራፊው ቀና ብሎ እንዲናገር ማድረግ የጎረቤት ግዴታ ነው።

ሲጠቃለል፣ የተሰረቀው ገንዘብ ዕዳ በቅድሚያ የሌባው ነው። ሌባው ባልተገኘ ጊዜ ግን ዕዳው ሥርዓቱን የሠራው፣ የሚጠብቀውና የሚያተርፍበት ድርጅት ሊሆን ይገባል፤ ቀዳዳውን የመድፈን አቅም ያለው እርሱ ብቻ ነውና። የ50 ዶላሩ ወሰን በባንኮች በጎ ፈቃድ አልተገኘም፤ ላልገዛው ዕቃ አልከፍልም ባለ ሕዝብ ግፊት የተገኘ ነው። የኛም ሠራተኛ፣ የኛም ዕድርተኛ በላቡ ያገኘውን ገንዘብ ለካርድና ለስልክ አደራ ሲሰጥ የአደራውን ሕግ አብሮ ይጠይቅ። አደራ ተቀባይ የጠፋበትን መተካት በአገራችን የቆየ ሥርዓት ነው፤ ካርድ ስለመጣ የሚቀር አይደለም እንላለን።